ጽዋው ከፊቴ የቆመበት ቀን

መጀመሪያ ያስተዋልኩት የልጄን የትርንጎን አንገት ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ ነበር። የእኩዮቿ አንገት ሲጸና የእሷ ወደ ክንዴ ዘንበል ይላል። የቡሬ ክረምት ነውና ጉሙ እስከ በራችን ይገባል፤ እኔም ጉሙ ሲገፈፍ ልጄ ቀና የምትል ይመስለኝ ነበር። ጉሙ ተገፈፈ። እሷ ቀና አላለችም።

ፍኖተ ሰላም ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ዝግ ብሎ ነገረኝ፦ «እናቴ፣ ይሄ ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። በምጥ ጊዜ አንጎሏ አየር አጥሮት ተጎድቷል። እርግማን አይደለም። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ግን ይረዳታል።» ስንመለስ ከአውቶቡሱ መስኮት ማሳው ይሄዳል፤ እኛ የቆምን መሰለኝ። አላለቀስኩም።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ቅባኑግ እየቀባሁ እግሯን አፍታታላት ነበር። ቆይታ ተቀመጠች፤ ቆይታ ግድግዳ ይዛ ሄደች፤ በየቃሉ እያረፈች ማውራትም ጀመረች። ለትምህርት ስትደርስ ግን ርዕሰ መምህሩ፣ መምህር ያለው የሚባሉት የማርያም ማኅበራችን አባል፣ አዝነው አዩንና «ልጆቹ ይገፏታል፤ ቤት ብትውል ይሻላታል» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው።

በዚያው ወር የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። በእኛ ማኅበር የተቀያየመ ሰው ከአንድ ጽዋ አይጠጣም። ቄሱ ሁሌም «ቅር ያለው አለ?» ይላሉ፤ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠጣል። የዚያን ቀን ጽዋው ከፊቴ ሲደርስ እጄ አልተዘረጋም።

«እኔ ቅር ብሎኛል፣ አባ።»

«ከማን ጋር?»

«ከመምህር ያለው ጋር። ልጄን ከደጅ መልሰውብኛል። እናንተም የሌሎቹን ልጆቼን ደኅንነት ስትጠይቁኝ እሷን ትዘሏታላችሁ።»

አባ ጽዋውን አስቀመጡት።

«እንግዲያ ሳትታረቁ አይቀመስም።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዴት እንደምንይዛት አናውቅም» አሉ።

«እኔ አሳያችኋለሁ።»

«ሰኞ ይዘሻት ነይ።»

ያን ጊዜ ጠጣሁ።

ሰዉ ሲበተን አንዲት ጎረቤቴ ወደኋላ ቀረችና ጓዳ ውስጥ ደብቃ የምታሳድገው ልጅ እንዳላት ነገረችኝ፤ ከእሷ ጋር የጀመርነው ወሬ ሌሎች እናቶችን እየጨመረ ሄዶ፣ ዛሬ በየገጠሩ እድርና በየቀበሌው ስብሰባ እየተነሳን ልጆቻችን ትምህርት ቤት እንዲገቡ እንጠይቃለን።

እግዜር ይስጣቸው፣ ሐኪሙንም፣ አባንም፣ መምህር ያለውንም። እናንተ ደግሞ የልጃችሁ አንገት መጽናት ከዘገየ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ አትዘግዩ። ጠበል ብትወስዱትም ሕክምናውን አታቋርጡ። ቅሬታችሁንም ሰው በተሰበሰበበት ተናገሩ።

ትርንጎ ተምራ፣ አድጋ አብራን ትዞራለች። በቅርቡ አንድ አባት ስለ ልጁ «አይሰማም፣ አይናገርም» አለን። እሷ ልጁ ያለበት ጓዳ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠችና ስሙን ጠየቀችው። መልስ የለም። አልቸኮለችም፤ እሷም ለመናገር ጊዜ ይወስድባታል። ልጁ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ስሙን ነገራት። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ሰማ።