የክትባቱ ካርቶን

ይህ ነገር የደረሰብኝ የአሳማ ጉንፋን የተባለው በሽታ ዓለምን ባስጨነቀበት ዓመት ነው፤ ጅቡቲ ከተማ ሙቀቱ ቀለል በሚልባቸው ወራት። ብዙ ጊዜ አልፎታል። ሆኖም አንድ ዘበኛ ግቢ በር ላይ የቤት ሠራተኛ ቦርሳ ሲፈትሽ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ፊቴም ይቃጠላል።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ትምህርት ያቋረጥኩት አገሬ ኢትዮጵያ እያለሁ ከአራተኛ ክፍል ነው። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በመዝገበ ቃላትና በመለዋወጫ ካታሎግ ነው የተማርኩት። ከኢትዮጵያ የሚመጡ ከባድ መኪናዎች በሚቆሙበት ፔካ 12 በሚባል ሰፈር የከባድ መኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። በእኛ ሥራ ያመነ ሰው ይጠፋል። ካርቶኑ ያማረ፣ ጽሑፉ የጠራ ይሆንና ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ፎርጅድ ይሆናል። ያንን የገጠመ ሾፌር ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያገኘው መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ ዕቃው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ሳላስተያይ ተረክቤ አላውቅም። ቤቴንም የማስተዳድረው በዚሁ ሕግ ነበር። ልጆቼ «እንዲህ ተባለ» ብለው ወሬ ሲያመጡልኝ «ማን አለ? የት አየህ?» እላቸዋለሁ።

ጅቡቲ የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ስለሆነ እሁድ ትምህርት አለ። አንድ እሁድ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሳምራዊት ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። በሚቀጥለው እሁድ ለተማሪዎች የጉንፋኑ ክትባት ስለሚሰጥ ወላጅ ፈቅዶ ይፈርም ይላል። ሳምራዊት አስም አለባት። ተራ ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ ትንፋሽ ስታጣ ሌሊቱን ቁጭ ብለን ያነጋንባቸው ቀናት ነበሩ። ባለቤቴ ብርቄ ወረቀቱን አይታ እስክሪብቶ አመጣችልኝ።

«ቆይ» አልኳት።

«ምኑን ነው የምቆየው?»

«በነፃ ነው ይላል። ለውጭ አገር ሰው ልጅ ማን ነው በነፃ የሚሰጥ? ምን አስበው ነው?»

ካርቲዬ በሚባለው ሰፈራችን ወሬው ብዙ ነበር። አንዱ ከአሳማ የተሠራ ነው ይላል። ሌላው ለሀብታም አገር ተሠርቶ የተረፈው ነው ይላል። የጎረቤቶቻችንን ወሬ ንቄዋለሁ። የራሴን ጥርጣሬ ግን ወሬ ነው ብዬ አላሰብኩም፤ ጥንቃቄ ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ኢስማኤል የሚባል ሸምገል ያለ ነርስ አገኘሁ። ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ጥሩ ነው። ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ክትባት በዓይኔ ማየት እንደምፈልግ ነገርኩት። ትንሽ አየኝና ከበረዶ ሳጥኑ አንዱን ካርቶን አውጥቶ ሰጠኝ። የመድኃኒቱን ስም፣ የፋብሪካውን ስም፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀንና የምርት ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ካርቶኑን አገላብጬ ማሸጊያውን በጥፍሬ ነካሁት። ብልቃጡንም ወደ ብርሃን ይዤ ማየት ጀመርኩ።

ኢስማኤል ከእጄ ቀማኝ።

«ስማ ወንድሜ፣ እስካሁን ደህና ነበር። አሁን የሚያበላሸው ያንተ ምርመራ ነው፤ ሙቀት አይወድም» አለና ወደ በረዶው መለሰው። «ምንድነው ሥራህ? ፖሊስ ነህ?»

«መለዋወጫ እሸጣለሁ።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። የስድስት ወር ዋስትና እንዳትጠይቀኝ ብቻ!»

በአዳራሹ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ደብተሬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ቁጥሩን ይዣለሁ፤ ግን ከምን ጋር አስተያየዋለሁ?

መልሱ ዓርብ ዕለት በእግሩ ቤቴ መጣ። ከኮምቦልቻ የመጣች አልማዝ የምትባል ልጅ አለች፤ ሄሮን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ፈረንሳዮች ቤት እየኖረች ትሠራለች። ዓርብ ከሰዓት ዕረፍቷ ስለሆነ እኛ ዘንድ መጥታ ትውላለች። እንደ ታናሽ እህት ነው የምናያት። የክትባቱ ነገር ሲነሳ፣ «ውይ፣ የኛ ቤቶቹማ ተወጉ እኮ! ሙስዩ ሐኪም አይደል? ትናንት ቤት ድረስ አምጥቶ ልጆቹንም ማዳምንም ወጋቸው» አለች።

ጆሮዬ ቆመ። «ካርቶኑስ?»

«የምን ካርቶን፣ ጋሼ?»

«የመድኃኒቱ። የት ጣሉት?»

«ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አይቼዋለሁ መሰለኝ።»

«አምጪልኝ። ለራሳቸው ልጆች የሰጡትና ለእኛ ልጆች የመጣው አንድ ከሆነ እፈርማለሁ። ካልሆነ አልፈርምም።»

አልማዝ እጇን እያፍተለተለች ብርቄን አየቻት። «ጋሼ፣ ማዳም እኮ ከዚያ ቤት ነገር ሲወጣ አትወድም። ባዶ ጠርሙስ እንኳ ጠይቄ ነው የምወስደው።»

«የተጣለ ካርቶን ምን ሊያስጠይቅ ነው? አስም ላለባት ልጅ ነው አልኩሽ።»

እምቢ ማለት እንደማትችል አውቅ ነበር። ታላቋ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ታማም ቤቴ አስተኝቻታለሁ። ይህን እያወቅሁ ነው ያዘዝኳት። አሁን ስጽፈው የሚከብደኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አትክልት ልትገዛ ስትወጣ ካርቶኑን ከዘንቢሏ ሥር ደብቃ አመጣችልኝና ሮጣ ተመለሰች። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መነጽሬን አድርጌ አስተያየሁ። የመድኃኒቱ ስም አንድ ነው። ፋብሪካው አንድ ነው። የምርት ቁጥሩ ግን ይለያያል።

«አየሽ!» አልኳት ብርቄን። «ቁጥሩ ሌላ ነው።»

እውነቱን ልናገር። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ ሁሉ የምርት ቁጥሩ አንድ እንደማይሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሱቄ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ የተደረደሩ ኩሽኔታዎች አሉ፤ ሁሉም ኦሪጅናል ናቸው፣ ቁጥራቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን አውቃለሁ። ያም ሆኖ «አየሽ!» አልኩ።

ብርቄ ወጥ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ ቁጥሩ አንድ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኝ ነበር። አንተ የምትፈልገው መድኃኒቱን ማወቅ ነው ወይስ አለመፈረም?»

ካርቶኑን አንስቼ ቁጥሩን እንደገና አነበብኩት።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ አልማዝ የልብሷን ሻንጣ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል። ካርቶኑን ዘንቢሏ ውስጥ ስታስገባ ያየ ዘበኛ ለማዳም ነግሯት ኖሯል፤ ከሐኪሙ መድኃኒት እያወጣች ትሸጣለች ተብላለች። ካርቶኑን አምጪ ስትባል እኔ ዘንድ መሆኑን መናገር ፈራች። ዝም ስትል ጥፋተኛ ሆነች። የመኖሪያ ፈቃዷ ደግሞ በእነሱ ስም ነው፤ ከዚያ ቤት ከወጣች ከአገር መውጣቷ ነው።

«ለምን ስሜን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«እርስዎንም ፖሊስ ቢጠራብዎትስ፣ ጋሼ?»

ካርቶኑን፣ ደብተሬንና ያልፈረምኩበትን ወረቀት ያዝኩና ከእሷ ጋር ሄሮን ሄድኩ። በሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን በፈረንሳይኛ እያዘጋጀሁ ነበር።

ማዳም በሩን አልከፈተችም። በብረቱ ፍርግርግ በኩል ነው ያነጋገረችኝ። መታወቂያዬን ጠየቀች። ፊቱን አየች፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ፎቶውን ከፊቴ ጋር አስተያየች። የፕላስቲኩን ጠርዝ በጥፍሯ ነካችው። አቤት! ያቺን ጥፍር አወቅኋት። በሕይወቴ ሙሉ ዕቃ ስመረምር ኖሬ፣ እንደ ዕቃ መመርመር ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

ካርቶኑን በፍርግርጉ አቀበልኳትና ያዘዝኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት።

«ለምን መጥተው አልጠየቁኝም?» አለችኝ።

ለመዋሸት ጊዜ ነበረኝ፤ አልዋሸሁም። «ብጠይቅዎት ኖሮ አላምንዎትም ነበር» አልኳት።

«ታዲያ አሁን እኔ እርስዎን ለምን አምናለሁ?»

በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ፈረንሳይኛ አለቀብኝ። ያለኝን አወጣሁ፤ ቁጥሮቹን የገለበጥኩበትን ደብተርና የትምህርት ቤቱን ወረቀት። ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አነበበችው። «ነገ ነው» አለች። «እስካሁን ባዶ ነው። ልጅቷ ጤነኛ ናት?»

«አስም አለባት።»

ወረቀቱን መለሰችልኝ፤ ዘበኛውን ጠርታ ለአልማዝ በሩን አስከፈተችላት። እኔ እውጭ ቀረሁ።

ቤቴ ስገባ ቆሜ ፈረምኩ። በማግስቱ ራሴ ሳምራዊትን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ኢስማኤል ገና ከሩቅ ሲያየኝ «መርማሪው መጣ፤ በረዶውን ዝጉ!» ብሎ ጮኸ። ልጄ ሳቀች፤ እየሳቀች ተወጋች። ክንዷ ሁለት ቀን አመማት፤ ሌላ ነገር አላየንባትም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያነበብክ ሰው መጠርጠር ትተሃል እንዳትለኝ። ዛሬም ካርቶን እከፍታለሁ፤ ዛሬም ቁጥር አስተያያለሁ። ልጆቼም እንዲህ እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ። ግን ይጠይቁ፤ በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው እግር ሄደው። እኔ ጥያቄዬን በአንዲት ልጅ ዘንቢል ሥር ደብቄ ነው የላክሁት።

አልማዝ ከሥራዋ አልወጣችም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ከቤት ስትወጣ ዘበኛው ቦርሳዋን መክፈት ጀመረ። ከዚያ በፊት አያደርገውም ነበር። ያንን ቤት እስክትለቅ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ተፈተሸች። ይቅርታ ስጠይቃት «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለችኝ። እኛ ቤት ስትደርስ ግን ቦርሳዋ ውስጥ የተመሰቃቀለውን ልብስ መጀመሪያ አውጥታ እንደገና ታጥፈው ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ዓይኔን ካታሎጌ ላይ ተክዬ የማነብ መስዬ እቀመጣለሁ፤ አንድ ገጽ ግን አልገልጥም ነበር።