ከመሸንቲ ወዲህ በፀሐይ መኪና

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን መገባደጃ፣ በሚያዝያ ወር ነው። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ የመኪና መሪ ጨብጬ አላውቅም። የማይረሳኝ ግን በወጉ ያላመሰገንኋቸው ሰው ስላሉ ነው።

ዱርቤቴ ከተማ ጸሐፊ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ፣ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስደርስ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የሒሳብ ፈተናው ባሕር ዳር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በነዳጅ እጥረት አውቶቡሱ ቀረ። ካመለጠኝ ዓመት መጠበቅ ሊሆን ነው።

መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ አልጋ የመሰለ ነገር በአራት የብስክሌት ጎማ፣ ያለ ድምፅ መጣና ቆመ። ጣሪያው ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ሰሌዳ ነው። የሚነዱት ጠና ያሉ የቴክኒክ መምህር ከክትባት ማቀዝቀዣ በተረፈ ሰሌዳ ራሳቸው ሠርተውታል፤ በፀሐይ ብቻ ባሕር ዳር ይደርስ እንደሆነ ሊሞክሩ ነበር የተነሡት።

አንድ ገበያተኛ ዞር ዞር ብለው አዩት። "ምን ይበላል?"

"ፀሐይ።"

"እንግዲያ ክረምቱን ጿሚ ነዋ።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ጉዳዬን ለመምህሩ ነገርኋቸው። ሰማዩን አዩ። "ክብደትሽ ስንት ነው?"

"አርባ ስድስት ኪሎ።"

"በይ ውጪ።"

የባትሪው ሳጥን ላይ ተቀምጬ ለባሕር ዳር ቅርብ እስከሆነችው መሸንቲ ደህና ሄድን። እዚያ ደመና ያዘን፤ መኪናው እየተንቀረፈፈ ቆመ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መምህሩ ወረዱ።

"ሁለታችንን አይችልም። አንቺን ግን ያደርስሻል።"

"መንዳት አላውቅም እኮ።"

"ይኸ መሪ፣ ይኸ ፍሬን። የባትሪው መርፌ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ቁሚና ፀሐይ ጠብቂ። ሌላ ነገር የለውም።"

"እርስዎስ?"

"እግር አለኝ።"

ሁለት ጊዜ ቆሜ ጠበቅሁ። ጣና ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ሳይ ፀሐይዋ መመለሷን አወቅሁ። የፈተናው በር ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስሁ።

ፈተናውን ጨርሼ ስወጣ፣ መምህሩ ጫማቸውን አውልቀው ከመኪናው አጠገብ ተቀምጠዋል። ደብተራቸው ላይ "ከመሸንቲ ወዲህ ነጂው ተቀይሯል፤ ጭነቱም ቀሏል። ሙከራው አልተሟላም" ብለው ጽፈዋል። ምን እንዳሳጣኋቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ይቅርታ ልል ስል "ሒሳቡ ከበደሽ?" አሉኝ።

"ደህና ነበር" አልሁ።

ፈተናውን አለፍሁ፤ እንጀራዬም የተገኘው ከዚያ ነው። በኋላ ባፈላልጋቸው ተዛውረዋል አሉኝ። ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ እጅዎ ከገባ ደብተርዎን ያርሙልኝ። መኪናዎ በፀሐይ ብቻ ባሕር ዳር ደርሷል።