የአዴ ሩቂያ ግድግዳ

የምጽፈው ባለፈው ክረምት ሐረር ጀጎል ውስጥ የደረሰብኝን ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን ዝናብ መጣል ሲጀምር ዛሬም ቀና ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ለማንም እንደሆነው አድርጌ አውርቼው አላውቅም። እዚህ ላይ ግን ሳልቀንስ ልናገር።

የጎጃም ልጅ ነኝ። የግብርና ባለሙያ ሆኜ ሐረር ከተመደብኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ሥራዬ አፈር ነው፤ ወደ ገጠሩ፣ ሶፊና ድሬ ጠያራ እየወረድኩ የገበሬውን መሬት አያለሁ፣ ናሙና እወስዳለሁ። ከሥራ ውጭ ያለኝ ሱስ ሙዚቃ ብቻ ነው። ጫት አልቅምም፣ አልጠጣም፣ ኳስ አላይም። በስልክና በምታንቋርር አንዲት ትንሽ ስፒከር ስሰማ ኖሬ፣ አንድ ቀን ዕቃ የሚባል ዕቃ እገዛለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ።

የምኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነበር። ቤቱ የድሮ የአደሬ ቤት ነው። አባወራው ካረፉ በኋላ ትልቁ ክፍል መሃሉ ላይ በድንጋይና በጭቃ ግድግዳ ተከፍሏል። ወዲህ እኔ ነኝ፤ ወዲያ የቤቱ ባለቤት አዴ ሩቂያ ከልጃቸው ከነጃት ጋር ይኖራሉ። አዴ እኛ ሰፈር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። አዴ ሩቂያ ሰባን አልፈዋል፤ ጆሯቸው ከታመሙ ወዲህ ጨርሶ አይሰማም፤ የነጃትን ንግግር ከከንፈሯ እያነበቡ፣ የሌላውን ሰው በምልክት ነው የሚረዱት። ነጃት ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ሰዎቹ ከአከራይነት አልፈው ዘመድ ሆነውኝ ነበር። በረመዳን ማፍጠሪያ ሲሠሩ የእኔም ድርሻ አይቀርም። እኔም ለፋሲካ ሥጋ መላክ ስለማልችል ሙዝና ብርቱካን ይዤ እገባለሁ፤ እሱም ያስቃቸዋል።

ከጀጎል ግንብ ውጭ ያሲን የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። ስፒከርና አምፕሊፋየርም ይሸጣል። እሱ ግን ዕቃ ከማሳየቱ በፊት እንደ ሐኪም ነው የሚጠይቀው። ክፍልህ ስንት በስንት ነው? ግድግዳው ከምን ተሠራ? ወለሉስ? የእኔ ዓይን ጥግ ላይ የቆሙት ሁለት ጥቋቁር ሳጥኖች ላይ ተተክሏል። ቁመታቸው ወገቤ ይደርሳል፣ ቤዝ የሚያወጣው ክብ ሰፌድ ያክላል።

ያሲን ሳይሰለች አስረዳኝ። ትልቅ ስፒከር ይዘህ ደካማ አምፕሊፋየር ብትገዛ፣ ድምፅ ለማግኘት እስከ ጥግ ትከፍተዋለህ፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይሻክራል፣ ስፒከሩም ይቃጠላል። ስለዚህ ትልቁ ስፒከር ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ሁለቱ ጉልበተኞች ጠባብ ክፍል ከገቡ ግን ቤዙ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ሲመታ ይውላል። ለአሮጌ ቤት መጽሐፍ የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮችና አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር ከበቂ በላይ ናቸው አለኝ።

ሁለት ዓመት የጠበቅኩት መጽሐፍ ለሚያክል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ዋሸሁት። አዲሱ ሰፈር፣ በብሎኬት የተሠራ ሰፊ ሳሎን አለኝ አልኩት።

«ብሎኬት ከሆነ ችግር የለም አቦ» አለ። «የጀጎል ቤት ቢሆን ግን ወላሂ አልሸጥልህም ነበር።»

ልግጠምልህ ብሎ ቤቴ እንዳይመጣ የሽቦውን አያያዝ እዚያው እንዲያስጠናኝ አድርጌ በባጃጅ ጭኜ መጣሁ። አምፕሊፋየሩን ብቻውን ከባጃጁ ሹፌር ጋር ለሁለት ነው ያወረድነው። ክፍሌ ውስጥ ከአልጋው የተረፈው ቦታ የጋራው ግድግዳ ሥር ብቻ ነበር። ከግድግዳ አርቀህ አስቀምጥ ብሎኝ ነበር፤ እኔ አስጠግቼ ገተርኳቸው።

የመጀመሪያውን ዘፈን ስከፍት በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከበሮው ደረቴ ውስጥ ነበር የሚመታው። ከሥራ ስመለስ፣ ከዓስር ሰላት በኋላ እከፍታለሁ፤ የመግሪብ አዛን ከመውጣቱ በፊት እዘጋለሁ። በሦስተኛው ቀን ነጃት በሬን አንኳኳች። ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ።

እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እናቷ በወጣትነታቸው ለሰርግ የሚጠሩ ከበሮ መቺ እንደነበሩ ነገረችኝ። አሁን በየቀኑ ከዓስር በኋላ መደቡ ላይ ወጥተው ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይቀመጣሉ አለች።

«ከበሮው በጀርባዬ እየገባ ነው ትላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምንም አልሰማችም። አደራህን እንዳትዘጋው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሙዚቃው የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። ከበሮ የበዛበትን ዘፈን እየመረጥኩ፣ ቤዙን ከፍ እያደረግኩ አጫውታለሁ። አዴ ሩቂያ ሲፈልጉ በምርኩዛቸው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ ክፈት ማለታቸው ነው። ነጃት እናቴ መብላት ጀመረች፣ እንቅልፏም ተመለሰ ትለኛለች። ጽድቅ የሠራሁ መሰለኝ።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ጠዋት የስፒከሩ አናት ላይ አፈር አየሁ። ጣቴን አስነክቼ ፈተግኩት። ደቃቅ፣ ደረቅ፣ ከመሃል ግድግዳ የወጣ አፈር ነው። ጠረግኩትና ሥራ ሄድኩ። በማግስቱም ነበር። በሳምንቱ እፍኝ ሞላ። ቀና ብዬ ሳይ ከጣራው ሥር ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ ነበር። የሰው መሬት አፈሩ እንዳይሸረሸር የምመክር ሰው፣ ስንጥቁ ላይ የዘመን መቁጠሪያ ሰቀልኩበት።

ለምን አልተናገርኩም? ብናገር የአዴን ከበሮ መልሼ መውሰዴ ነው። ደግሞም ለዚህ ቤት የማይሆን ዕቃ ዋሽቼ ማስገባቴ ይወጣል። ሰው ይሉኝታ ይለዋል፤ እኔ አሁን ፈሪነት ነው የምለው። በየጠዋቱ እየጠረግኩ ከቆሻሻ ጋር አወጣው ነበር። ሌሊት ስተኛ፣ ምንም ሳይከፈት፣ አፈር በላስቲክ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ እሰማለሁ። ብርድ ልብሴን እከናነባለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የዘመን መቁጠሪያውን ገለጥኩት። ስንጥቁ ሁለት ጣቴን አስገባ። ውስጡ እርጥብ ነበር፤ ግድግዳውም ወደ ወዲያኛው ክፍል ሆዱን ነፍቶ አየሁት። ከዛሬ ጀምሮ አልከፍትም ብዬ ቆረጥኩ።

ዓስር አለፈ። ምርኩዙ ሦስት ጊዜ መታ። አልከፈትኩም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መታ። ነጃት ገበያ ነበረች። ተነስቼ እስከ በሬ ሄድኩ፤ ገብቼ በእጅ ምልክት ተነሱ ልላቸው፣ ስንጥቁን ላሳያቸው። በሩ ላይ ስደርስ ከበሮው ቀረ ስላቸው የሚሆነው ፊታቸው ታየኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምርኩዙ እንደገና መታ። ትንሽ ብቻ ብዬ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። አዴ ግን ዝቅ ያለው አይደርሳቸውም። ደጋግመው መቱ።

ጨመርኩት።

ዘፈኑ ግማሽ አልደረሰም። መጀመሪያ አፈሩ እንደ ጤፍ ይንቆረቆር ጀመር። ከዚያ አንድ ድንጋይ ወጣ፣ ከዚያ ሁሉም። ግድግዳው እኔን ትቶ ወደዚያ ወደቀ። አቧራው ሲሳሳ ተንጋለው አየኋቸው፤ ከጉልበታቸው በታች ድንጋይ ተጭኗቸዋል። ሻሻቸው አፈር ሆኗል። ሙዚቃው አልቆመም፤ ማጥፋት ትዝ አላለኝም። በጉልበቴ ወርጄ ድንጋይ ማንሳት ጀመርኩ። እሳቸው በእጃቸው ፊቴን ዳሰሱ።

«ልጄ፣ አንተን አልነካህም? አልሐምዱሊላህ።»

ጎረቤት ደረሰ። በቃሬዛ ሆስፒታል ወሰድናቸው። እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ ዳሌያቸውም ተጎድቷል።

በአራተኛው ቀን ነጃት ከሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀችኝ። ቤት ስታጸዳ ከመደቡ ሥር በጆንያ የተቋጠረ አፈር አግኝታለች። እናቷን ጠየቀቻቸው። በእሳቸውም በኩል አፈር ይወርድ ነበር። የንጋቱን ሱብሂ ሰግደው፣ ልጃቸው ሳትነሳ፣ በየቀኑ እየጠረጉ ሲደብቁት ከርመዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም አልኳት» አለች ነጃት። «ብነግራችሁ ያጠፋዋል አለችኝ።»

ሁለታችን በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንዳችን ከሌላው ተደብቀን ስንጠርግ ነበር ማለት ነው። ይህን ስሰማ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ።

የአፎቻው ሽማግሌዎች፣ የሰፈሩን ሐዘንና ደስታ አብረው የሚወጡት ሰዎች፣ ሊጠይቋቸው መጡ። ግድግዳውን ምን አፈረሰው ብለው ለአዴ በምልክት ጠየቁ። እሳቸው እኔን ሳያዩ «ዝናብ ነው፤ አላህ ያመጣው ነው» አሉ። ከዚያ አንደኛው ወደ እኔ ዞረው፣ አንተ እዚያ ነበርክ፣ ምን አየህ አሉኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዝናብ ነው» አልኩ።

አፎቻው ተባብሮ ግድግዳውን በብሎኬት ሠራው። እኔ ስፒከሩንም አምፕሊፋየሩንም ለድሬዳዋ ሰርግ አጫዋች ሰጠሁ። አዴ ሩቂያ ያለ ሰው ድጋፍ አይራመዱም። ከዓስር በኋላ ግን ነጃት ደግፋ መደቡ ላይ ታወጣቸዋለች፤ ጀርባቸውን ብሎኬቱ ላይ ለጥፈው እስከ መግሪብ ይጠብቃሉ። እኔ በዚያ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ነጃት በሬ ላይ ቆማ፣ እናቴ ምን አድርገነው ነው ያኮረፈን እያለች ትጠይቃለች አለችኝ። ዕቃው ተበላሽቷል አልኳት። እሱም ሌላ ውሸት ነው።

ነጃት ቅመም የምትጠቀልልበትን የጋዜጣ ወረቀት ሳታነብ አትቀድድም። ይህ ታትሞ ከእጅሽ ከደረሰ፣ እህቴ፣ ለእናትሽ በከንፈርሽ ንገሪልኝ። አላኮረፍኩም። ሽማግሌ ፊት የሸፈኑልኝ ደግሞ ሳላውቅ ያጠፋሁ መስሏቸው ነው። ስንጥቁ ሁለት ጣት ሲያስገባ አይቻለሁ፤ ጀርባቸው እዚያ ግድግዳ ላይ መሆኑንም አውቄያለሁ። አውቄ ነው ድምፁን የጨመርኩት።