ሰባት ቤት በወጨጫ ዳገት

ስምንት ወር ሆስፒታል ተኝቼ ኮልፌ ስመለስ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀኝ። ገሚሱ ታስሬ የተፈታሁ መስሎት እጄን አጥብቆ ይጨብጠኛል፤ እውነቱን የሰማው ገሚስ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ እጁን ያወዛውዝልኛል። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ የጠፋ ሰው የት ከረምክ አይባልም ነበር። እኔን ያጠፋኝ ግን የሳንባ ነቀርሳ ነው። መታሰር ይሻለኝ ነበር ብዬ ያሰብኩበት ቀን ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለእስረኛ ሰው ይፈራለታል፤ ሳንባ የያዘውን ግን ራሱን ይፈራዋል።

ከመታመሜ በፊት እጮኛ ነበረችኝ። ሠርጋችን ለጥር ተቆርጦ ነበር፤ በሽታው ሲመጣ ቀረ። እሷ ግን አልቀረችም። በየእሑዱ ከቀበሌ ስብሰባ እንደወጣች ብርቱካን በዘንቢል ይዛ ትመጣለች። ሌላው ጠያቂ አፍንጫውን ሸፍኖ በር ላይ ሲቆም፣ እሷ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ የሰፈሩን ወሬ ታራግፍልኛለች። ሐኪሞቹ የዳንከው በመድኃኒት ነው ይሉኛል። ግማሹን አምንላቸዋለሁ።

ችግሩ እናቷ ነበሩ። ሐኪም «ነጻ ነው» ብሎ ማኅተም የመታበትን ወረቀት ባሳያቸው አንዴ አገላብጠው አዩትና «ወረቀት ይተነፍሳል እንዴ?» አሉኝ። ቤታቸው ስሄድ ውሃ የሚቀርብልኝ ጠርዙ በተሸረፈ፣ ለብቻው መስኮት ላይ በሚቀመጥ ብርጭቆ ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም። እህታቸውን በዚሁ በሽታ ቀብረዋል፤ ልጄን ለሳል አልድርም ቢሉ ዛሬ አልፈርድባቸውም። ያኔ ግን ፈርጄባቸው ነበር፤ ያንን ብርጭቆም አንድ ቀን ሰብሬው እወጣለሁ እያልኩ እዝት ነበር።

አባትየው ጡረተኛ ናቸው። ከጎጃም መጥተው የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በወጨጫ የደን ጥበቃ ነው። ወጨጫ ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ሁሉ የሚያየው ተራራ ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ከጀርባው ነው፤ አናቱ ላይ ደመና ሲቀመጥ የኮልፌ ሴት ያሰጣችውን ልብስ ትሰበስባለች። አንድ ቀን እናትና ልጅ በእኔ ጉዳይ ሲከራከሩ ሽማግሌው ሰሙ፣ ሰሙና «በቃ! ወረቀቱ ካልተነፈሰ ልጁን እኔ አስተነፍሰዋለሁ» አሉ። «ወጨጫ ጫፍ አወጣዋለሁ። ከደረሰ ትድሪለታለሽ። ካልደረሰ እኔም አፌን እዘጋለሁ።» እናትየው ከሐኪም ይልቅ ተራራውን አመኑ። እሺ አሉ።

እጮኛዬ ያን ዕለት እስከ ፌርማታው ሸኘችኝ። «ብትደርስ ደስ ይለኛል» አለችኝ፤ «ካቃተህ ግን ሞተህ እንዳትመጣብኝ። አብረን እንጠፋለን።» የት እንደምንጠፋ ሁለታችንም አናውቅም። ያለ መሸኛ ደብዳቤ ከከተማ መውጣት በሚያስጠይቅበት ዘመን መጥፋትም ቀላል አልነበረም።

መሸኛው ራሱን የቻለ ዳገት ነበር። ከሽማግሌው ጋር ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። «ተራራ ለመውጣት» አልኩ። «ተራራው ላይ ማን አለ?» «ማንም የለም።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ማንም ወደሌለበት ተራራ የሚወጣ ሰው በዚያ ጊዜ የሚያጠራጥር ሰው ነው። ሽማግሌው ጠጋ ብለው «ጓድ፣ ነገሩ የጋብቻ ነው» አሉትና ከእናትየው ጀምረው አስረዱት። ጸሐፊው ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጻፈልን፤ ማኅተሙንም መታ።

በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ተነሳን። አስኮ ድረስ በእግር ሄደን ወደ ሆለታ የሚወጣ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ቡራዩን አልፈን ወረድንና በስተግራ ባለው የገጠር መንገድ ገባን። ሽማግሌው ኮዳ አንግተው፣ በሶ በጨርቅ ቋጥረው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ቀደሙ። የጤፉ ማሳ አልቆ ዳገቱ እንደጀመረ ዞር ሳይሉ «በል ሰባት ቤት ቁጠርልኝ» አሉኝ።

ግራ ገባኝ። ለጋብቻ ዝምድና አለመኖሩ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ግን ይህ ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ጠላ ይዘው የሚያደርጉት ነገር ነው። ደግሞስ እኔ የመንዝ ልጅ፣ እሳቸው ጎጃሜ፤ የት ልንገናኝ ነው?

«እየወጣን ነው የምቆጥረው?» አልኳቸው።

«እየወጣን። ማን እንደነበሩ፣ ምን ሠርተው እንደኖሩ፣ በምን እንደሞቱ። እንዳትዘል።»

ከአባቴ ጀመርኩ። አባቴና አያቴ አላስቸገሩኝም። ቅድመ አያቴ ላይ ስደርስ የጥድ ዛፎቹ ጥላ አለቀና መንገዱ ቀጥ አለ፤ ትንፋሼም ማጠር ጀመረ። «ቅድመ አያቴ የከብት... ነጋዴ ነበሩ» እላለሁ በሁለት ትንፋሽ። ይሄኔ ሽማግሌው ይቆማሉ። «ይቺን አየሃት?» ብለው አንዲት ኮሶ ያሳዩኛል፤ ማን ሊቆርጣት እንደመጣ፣ በምን ዘዴ እንዳባረሩት በዝርዝር ይተርኩልኛል። ሲጨርሱ «እሺ፣ ቅማያትህስ?» እንደገና እንወጣለን። እንደገና ቃሌ ሲቆራረጥ አንድ ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ አንስተው፣ ይህ ተራራ በጥንት ጊዜ እሳት ይተፋ እንደነበር አንድ የደን ባለሙያ እንደነገራቸው ያወጉኛል። ለካ ወሬ ወዳድ ሽማግሌ ናቸው ብዬ በልቤ አማኋቸው። ኮልፌ ውስጥ በቀን አሥር ቃል የማይናገሩ ሰው መሆናቸው ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ወገቡ ላይ ስንደርስ ትከሻዬን ይዘው ወደ ኋላ አዞሩኝ። ታች ጉም ሞልቷል፤ ከተማው የለም። ከጉሙ በላይ ፉሪ፣ የረርና ራቅ ብሎ ዝቋላ አናት አናታቸው ብቻ ቀርቷል።

«ባለሙያው እንዳሉት እነዚያም እንደዚህኛው እሳት የነበሩ ናቸው» አሉኝ። «ልጅ ሆኜ ጣና ዳር ስቆም ደሴቶቹ እንዲህ ነበር የሚታዩኝ።»

እኔ ስምንት ወር ሙሉ በመስኮት ያየሁት አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። ነፋሱ ነው አልኳቸው። እሳቸውም አዎ፣ ነፋሱ ነው አሉ።

ከዚያ በላይ ዛፍ የለም፤ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦና ድንጋይ ብቻ ነው። እየተንፏቀቅኩ አንድ ጉብታ ላይ ወጣሁ። አምስተኛውን ቤት፣ ምንዥላቴን፣ በስም ጠርቼ ሥራቸውን ልናገር አፌን ስከፍት አየር አልገባም አለኝ። ያ የማውቀው ፉጨት ከደረቴ ተነሳ፣ ሳል ተከተለው። መሀረቤን አየሁ። ደም የለበትም። ከጉብታው ወዲያ ቀጭኑ መንገድ ደመና ውስጥ ይገባል፤ ምን ያህል እንደሚቀረኝ አይታየኝም። ትንሽ ልረፍ ብዬ ማታለል እችል ነበር። እየተጎተትኩ ሄጄም መውደቅ እችል ነበር። በየእሑዱ ስትመጣ የነበረችውን ልጅ አሰብኩና ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ አልችልም» አልኳቸው። «ከዚህ በላይ አልችልም። ለእናቷ እንደዚያ ብለው ይንገሯቸው።»

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ንግግር የለም። ሽማግሌው ደመናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ከዚህ በላይ ወዴት ልትሄድ ኖሯል? ጫፉ እኮ ይኸው ነው። ደርሰሃል!»

«መንገዱ ግን...»

«እሱ ወደ ማዶ የሚወርድ የከብት መንገድ ነው። ስጠብቀው የኖርኩትን ተራራ ልታስተምረኝ ነው?»

አመንኳቸው። ወጨጫን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? በሶውን በኮዳው ውሃ በጠበጡልኝ፤ ታች ጉሙ ተገልጦ የኮልፌ ጣሪያዎች አንድ በአንድ ሲያበሩ እያየን ጠጣን። እኔ እንደ እብድ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ማታ ስንመለስ እናትየው በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። «ደረሰ?» አሉ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳያሹ «ወጨጫ ጫፍ አስቀምጬ በሶ አጠጣሁት» አሉ። እናትየው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ገብተው ቤተሰቡ ሁሉ በሚጠጣበት ብርጭቆ ውሃ አመጡልኝ። ጥር ላይ ተጋባን።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ሁለት ልጆች ወልደናል፤ ሳሉም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አንድ የሐምሌ እሑድ መሥሪያ ቤታችን ለችግኝ ተከላ ዘመቻ ወጨጫ ግርጌ ወሰደን። ለምሳ ስናርፍ ዝናቡ አባርቶ ነበርና ጉራዬ ተነሳብኝ። ጉብታውን ለባልደረቦቼ እያሳየሁ «እዚያ ጫፍ ላይ ወጥቻለሁ፤ ያውም ከሳንባ ሕመም በተነሳሁ በወሩ» አልኳቸው። አብሮን ሲተክል የነበረ የአካባቢው ገበሬ ቀና ብሎ አየና «እሱ ትከሻው ነው» አለኝ። «ጭንቅላቱ ከኋላ ነው ያለው።» ባልደረቦቼ በሳቅ ፈረሱ።

ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። ጉብታው ላይ ስደርስ በዚህ ጊዜ ደመና አልነበረም። ያ የከብት መንገድ የተባለው ወደ ማዶ አይወርድም፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ ወጣሁት። እውነተኛው ጫፍ ላይ ቆሜ የጥንቱ እሳት የቦረቦረውን ገደል፣ በምዕራብ በኩል ጥቁሩን ደን፣ ከዚያም ወዲያ የሆለታን ሜዳ አየሁ። ሽማግሌው እንዴት እንዳወጡኝ የገባኝ እዚያ ነው። ሰባት ቤት ያስቆጠሩኝ ትንፋሼን ለመስማት ነበር። ኮሶዋም፣ ድንጋዩም፣ ጣናም የመጡት ቃል ባቃተኝ ቁጥር ነው። ያ ሁሉ አልበቃ ሲል ደግሞ የተራራውን ጫፍ እኔ እስከቆምኩበት ድረስ አወረዱልኝ። ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ ቤቴን ሁሉ ያገኘሁት በእኒህ ሰው ውሸት ነው።

አመሻሽ ላይ ጫማዬ ጭቃ እንደያዘ እነአማቴ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ፣ ጫፉ እኮ ያ አልነበረም።»

መጀመሪያ ያዩት ወደ ቤቱ በር ነው። «ቀስ በል፤ ትሰማሃለች» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ለምን ዋሹልኝ?»

«ልጄ የምትኖረው የት ነው?»

«ኮልፌ ነዋ።»

«ከኮልፌ የሚታየው ጫፍ የትኛው ነው?»

ወደ ምዕራብ ቀና አልኩ፤ የሚታየው ያ ጉብታ ብቻ ነው።

«እንግዲያው እሱን ወጥተሃል። የማይታየውን ማን አዘዘህ?»

ከውስጥ አማቴ «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» ሲሉ ተሰማ። ሽማግሌው ጮክ ብለው «ችግኙ ይጸድቅ እንደሆነ እየጠየቅኩት ነው!» አሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ቀና ለማለትም አቃተኝ። ራሴን ዳበስ አደረጉኝና «ተነስ አሁን፣ ትጠራጠራለች» አሉኝ።