ጨርቅ የታሰረበት ቱቦ

የነጭ ጋዝ ሽታ ከሰውየው ቀድሞ ወደዚያ ቤት ይገባ ነበር። ታላቅየው ከአውሮፕላን ጥገና ሥራው ሲመለስ፣ ገና ደረጃውን እየወጣ ሳለ፣ ታናሽ ወንድሙ ከደብተሩ ቀና ብሎ "ጋሼ መጣ" ይላል። እናታቸው ስታርፍ አንዱ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ሌላው የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በአንዲት ክፍል፣ በአንድ አልጋ፣ በአንድ ፎጣ አብረው አደጉ ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን አንዱ አሳደገ፣ አንዱ አደገ። ከእራት በኋላ ታላቅየው መፍቻዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በቁጥራቸው ያስለየው ነበርና፣ ጎረቤቶች "ይኼ ልጅ ማባዛት ሳይችል መፍቻ ለየ" እያሉ ይስቁ ነበር። ልጁም ሲያድግ ሌላ ሥራ አላማረውም፤ ቱታ ለብሶ ከወንድሙ ጎን ቆመ።

በጥገናው ክፍል ታላቅየውን "ጋሼ ብዕር" ይሉታል። ከደረት ኪሱ ብዕር ጠፍቶ አያውቅም። የላላ ብሎንም ይሁን የተጫረ መስታወት፣ ያየውን ጉድለት መዝገብ ላይ ካላሰፈረ እህል አይወርድለትም።

"ጋሼ ብዕር ሲያስነጥሰው እንኳ ይመዘግባል፤ ከዚያ ራሱን ከሥራ ያግዳል" ይሉበታል።

እሱም ፈገግ ብሎ፣ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። እናንተ ምን ልታወርሱ ነው?" ይላቸዋል።

የሌሎቹ ልማድ ግን ለየት ያለ ነበር። ጉድለት አንዴ መዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ ተጠግኖ እስኪፈረምበት ድረስ አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሣም። ስለዚህ "ይኼስ እስከ ነገ ይቆያል" ያሉትን ነገር አይጽፉትም፤ ጉድለቱ ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስሩበታል። ተረኛው ፈረቃ ጨርቁን ያያል፣ ይጠግናል፣ ይፈታዋል። ማን እንደ ጀመረው የሚያስታውስ የለም። ለዓመታት አንድም ቀን ስላላሳፈራቸው ደንብ መሰላቸው።

አንድ አመሻሽ ላይ ታላቅየው ከአንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ሥር አጎንብሶ የፍሬኑን የዘይት ቱቦ በጣቱ ዳሰሰው። ረጥቧል። እጁን ጠራርጎ ብዕሩን ሲያወጣ ታናሽየው ክንዱን ያዘው።

"ጋሼ፣ ዛሬን እለፈኝ። ከጻፍከው አለቃ አሁኑኑ ቀይሩት ይላል፤ ተረኛው ደግሞ እኔ ነኝ። ልጄን ትኩሳት ይዟት እናቷ ሐኪም ቤት ትጠብቀኛለች።"

"ታዲያ ሂድ፣ እኔ እቀይረዋለሁ።"

"ቱቦው ከዕቃ ቤት የሚወጣው በእኔ ፊርማ ነው። ጠዋት አውሮፕላኗ ሳትነሣ ደርሼ እቀይረዋለሁ። ይኸው፣ ጨርቅ አሰርኩበት።"

ታላቅየው የልጅቱን ፊት አሰበ። ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። በሠላሳ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑ ያየውን ሳይጽፍ የቀረው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሲነጋ ልጅቱ ባሰባት። አባቷ ከአልጋዋ ሥር አልተነሣም፤ ጨርቁ አለ ብሎም ለማንም አልደወለም። ታላቅየው የዕረፍት ቀኑ ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ አውሮፕላኗን ዞሮ ቢያያት ምንም የታሰረ ነገር የለባትም፤ ሸኛት። ስታርፍ ቱቦው ፈነዳ። አንዱ ፍሬን ብቻ ሲይዝ ከመንደርደሪያው ወጥታ ሣሩ ውስጥ ገባች። ተሳፋሪዎቹ ተርፈው ወጡ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ማጭዱን ወደ ላይ አንሥቶ ሰላምታ የሚሰጠው ሣር አጫጅ ግን ተገጭቶ እዚያው ቀረ።

መርማሪዎች መጡ፣ መዝገቡን ገለበጡ፣ ምንም አላገኙም። "ድንገተኛ ብልሽት" ብለው ሄዱ። ሁለቱ ወንድማማቾች ስለ ጨርቁ አላወሩም፤ እያንዳንዱ በልቡ የጠዋቱን ፈረቃ ይወቅስ ነበር።

በሳምንቱ የአውሮፕላን አጣቢዋ ወደ ታላቅየው መጣች። በቅርቡ የተቀጠረች፣ ሥራዋን አክባሪ፣ ቁጥብ ሴት ናት።

"ጋሼ፣ የዚያች የተጎዳችው አውሮፕላን ቱቦ ላይ ጨርቅ ረስታችሁ ነበር። በዋዜማው ሳጥባት አግኝቼ ፈታሁት። ዘይቱ እስኪለቅ ዘፍዝፌው ነው የዘገየሁት።"

ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት የታጠፈ ቀይ ጨርቅ ዘረጋችለት። በሁለት እጁ ተቀበላት።

"እግዜር ይስጥልኝ እህቴ" አላት።

በማግስቱ ከበረራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የጉድለት ማሳወቂያ ቅጽ አምጥቶ በክፍሉ መስኮት አጠገብ ሞላው። "ጉድለቱ ከአደጋው በፊት ይታወቅ ነበርን?" ከሚለው ሥር "አዎን፤ እኔ በጣቴ ዳስሼ አውቅ ነበር፤ አልጻፍኩም" ብሎ አሰፈረ። የጨርቁን ልማድ ከሥሩ እስከ ጫፉ ዘረዘረ። አጣቢዋ ደንብ ያልሆነን ነገር የማወቅ ግዴታ እንደሌለባትም ጻፈ። ከዚያ ወንድሙን አስጠራው።

ታናሽየው ቆሞ አነበበው።

"ተዘግቷል እኮ ጋሼ። የተዳፈነ እሳት ምን ያስቆሰቁስሃል? ሰውየው እንደሆነ አይነሣ።"

"እሱ አይነሣም። ዛሬ ስንት አውሮፕላን ላይ ጨርቅ እንደታሰረ ግን እኔም አንተም አናውቅም።"

"የእኔ ስም የለበትም።"

"የለበትም። ማን አሰረው ብለው ይጠይቁኛል።"

"ምን ልትል?"

ታላቅየው መስኮቱን አየ። "አልዋሽም።"

"የሥራ ፈቃዴን ነው የሚቀሙኝ። ያስተማርከኝን ነው የምትወስደው። ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።"

"አውቃለሁ። የእኔንም ይወስዱታል።"

"ያንተማ ጡረታህ ደርሷል።"

ይኼን ሲሰማ ታላቅየው ጎንበስ አለ። "ቁጭ በል እስቲ። ምሳ አልበላህም" አለ በመጨረሻ፣ ድሮ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እንደሚለው ሁሉ።

ታናሽየው ወረቀቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሊቀድደው ይችል ነበር፤ ታላቅየውም አይከለክለውም ነበር። ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ ጠርዙን በመዳፉ አስተካከለው፤ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ፣ ወደ ኋላም ሳይዞር፣ ደኅና ዋልም ሳይል ወጣ።