ራሱን የሚከፍት ጣሪያ

ያንግዶል የተወለደችው አባቷ ብረት በሚቀጠቅጥበት ክፍል ውስጥ ነው። እናቷን ወናፍ እየነፋች ሳለ ምጥ ያዛት፤ አባትየው እሳት ውስጥ የነበረውን ማጭድ ረስቶ ሲሯሯጥ ማጭዱ ተበላሸ። እስኪሞት ድረስ «አንድ ማጭድ አበላሽተሽብኛል» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በሰሜን ሕንድ፣ በላዳክ ተራሮች ከፍታ ላይ ብርዱ ግማሽ ዓመት ይቆያል፤ የብረት ምድጃ የሌለው ቤት የለም። በዚያ ሸለቆ ደግሞ የያንግዶል እጅ ያላረፈበት ምድጃ ማግኘት ይቸግራል። አባቷ ሲሞት መዶሻውን ወረሰች። ብየዳውን መንገድ ሊሠሩ ከመጡ በያጆች ተማረች፤ መጀመሪያ ሳቁባት፣ ኋላ ግን የተሰበረውን ሁሉ እሷ ጋ ይልኩ ጀመር።

ሰዉ ምድጃዋን ይወዳል፤ እሷን ግን በር ሥር ያስቀምጣታል። በዚያ አገር ድግስም ይሁን ስብሰባ፣ ሰው እንደየማዕረጉ በረድፍ ነው የሚቀመጠው። ሹሙ ከምድጃው ጎን፣ ቀጥሎ ሽማግሌው፣ ቀጥሎ ባለመሬቱ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርድና ባለ እጅ በሩ ጋ ያበቃል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ የሚያገኘው እሱን ነው። ሰዎቹ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን የማወራላችሁ እኔም ባልተናደድኩ፤ ግን ደጎች ናቸው። የቅቤ ሻይዋን ጢም አድርገው ይቀዱላታል፤ እዚያው በር ሥር።

ከዕለታት አንድ ቀን የመንደሩ ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ ሊተከልለት ነው ተባለ፤ ያውም ሰው አጠገቡ ሳይቆም የሚሠራ። ከመንደሩ በላይ፣ ተረተሩ ጀርባ፣ ከመንደሩ በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ቤት ይሠራል። ሲመሽ ጣሪያው በሐዲድ ላይ ተንሸራቶ ራሱን ይከፍታል፤ ቴሌስኮፑ በኮምፒውተር እየታዘዘ ሰማዩን ፎቶ ያነሳል፤ ደመና ወይም ነፋስ ሲመጣ ጣሪያው ራሱን ይዘጋል። ተማሪዎቹ ማየት የሚፈልጉትን ቀን ላይ ጽፈው ያስገባሉ፣ ጠዋት ፎቶውን ያገኛሉ። በቀረው ሰዓት ሩቅ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ቴሌስኮፑ በሣጥን መጣ፤ ጣሪያውን ግን በተራራው መተላለፊያ የሚያሳልፍ መኪና ጠፋ። የሳይንስ መምህሯ ፓልሞ መጥታ የያንግዶል በር ላይ ቆመች።

«አቼ ያንግዶል፣» አለች፤ አቼ ማለት ታላቅ እህቴ ማለት ነው። «የሚሄድ ጣሪያ ትሠሪልኛለሽ?»

«የሚያፈስ አይቻለሁ፤ የሚሄድ ግን አላየሁም። ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ሦስት ሜትር ወደ ጎን።»

«እንዲያ ከሆነማ ጣሪያ አይደለም፣ መሳቢያ ነው» አለች ያንግዶል። መሳቢያ ደግሞ ሠርታ ታውቃለች።

ሐዲዱን፣ የብረት ጎማዎቹን፣ ክፈፉን በእጇ ሠራች። ብረት በብርድ እንደሚኮማተር፣ በሙቀት እንደሚለጠጥ ከምድጃ ጭስ ማውጫ ስለተማረች በሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ክፍተት ተወች። ሥራው ሲያልቅ ጣሪያውን በሁለት ጣቷ ገፋችው፤ ሄደላት። ፓልሞ አጨበጨበች።

በጥቅምት አንድ ወጣት መሐንዲስ ከደቡብ መጣና ሞተሩንና ኮምፒውተሩን ገጠመ። ደንቡን ለመንደሩ ሁሉ ተናገረ። ማሽኑ ሰባት ሌሊት፣ ማንም ሰው ሳይነካው፣ ብቻውን መሥራት አለበት። ካልሠራ፣ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋ ቴሌስኮፑ ተነቅሎ ወደ ከተማ ይሄዳል። ከብት እንዳይጠጋው የመንደሩ ሹም፣ ሁሉም ሜሜ ወይም አያቴ የሚሏቸው ሽማግሌው ቶልዳን፣ ቀን ቀን እየወጡ እንዲጠብቁ ተደረገ።

ሦስት ጠዋት ፎቶ መጣ። ተማሪዎቹ ስክሪኑን ከበው እየተጋፉ ጨረቃን፣ ሳተርንን፣ አንዲት እንደ ጭስ የተበተነች ደመና መሳይ ነገር አዩ። በአራተኛው ጠዋት ስክሪኑ ባዶ ነበር፤ አንድ መልእክት ብቻ ወጣበት፦ ሞተሩ ጭነት በዝቶበት ቆሟል። በአምስተኛውም እንዲሁ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሰዉ ሹሙ ቤት ተሰበሰበ።

«ሐዲዱ ጎብጦ ነው» አለ አንዱ።

«ምን ይደረግ፣ ምድጃና ቴሌስኮፕ አንድ አይደለም።»

«እኔ መጀመሪያም ብያለሁ፤ የባለ እጅ ሥራ ይኸው ነው» አለ ሦስተኛው፣ ያንግዶል በሩ ሥር የሌለች ይመስል።

መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ። «ወጥቼ ከነካሁት ፈተናው አበቃ። ነገ ጠዋትም ፎቶ ከሌለ ግን ማሸግ መጀመሬ ነው።»

ያንግዶል ሻይዋን ሳትቀምስ ወጣች። አፈረች፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ራሷን መጠርጠሯ ነበር። ክፍተቱን አሳንሳው ይሆን? ጎማውን አጥብቃው ይሆን? 

በማግሥቱም ፎቶ አልመጣም። ያንግዶል ደጃፏ ላይ ቆማ አሰበች። ሞተሩ ከበደኝ አለ እንጂ ተሰናከልኩ አላለም። ጣሪያዋ በሁለት ጣት የሚገፋ ነው፤ ሦስት ሌሊት ከሄደ በኋላ ምን አወፈረው? እንዲህ እያለች ቁልቁል መንደሩን ስታይ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ቀረ። በየቤቱ ጣሪያ ላይ የብርዱ ወራት ድርቆሽ ተከምሯል፤ የድሃውም የሀብታሙም። የሹሙ ጣሪያ ብቻ ራቁቱን ነበር። ሰባት ላሞች ያሏቸው ሹም፣ በጥቅምት! ልብሷን ሰብስባ ወደ ሹሙ ቤት ወረደች።

«ጁሌ ሜሜ» አለች ሰላምታ ሰጥታ። «ድርቆሽዎ የታለ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «አየሽው እንዴ? እስኪመረቅ ምሥጢር ይሁን ብዬ ነበር።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ያንን ቤት ነዋ! ሥራሽ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን በዚህ ወር ጣሪያው ራቁቱን ቆሞ እንግዳ ቢያየው ምን ይለናል? መንደሩ አንድ ሸክም ድርቆሽ አጥቶ ነው ይበለን? በአሥራ ሁለት አህያ ጭኜ አለበስኩልሽ። ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይም ጭኜበታለሁ።»

«ሜሜ! ማንም አይንካው አልተባለም?»

«ማሽኑን ነዋ አትንኩ ያለው! ማሽኑን በዓይኔም አላየሁት። ጣሪያ ከመቼ ወዲህ ነው ማሽን የሆነው?»

ያንግዶል ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ፤ እንባው ሳይደርቅ ደግሞ ንዴቱ። ሽማግሌው አይተዋት አይተዋት ገባቸው።

«እኔ ነኛ ያቆምኩት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ትናንት ያን ሁሉ ሲሉሽ ከምድጃው ጎን ተቀምጬ ዝም አልኩ።»

«አዎ። ዝም ብለዋል።»

አደባባይ ወጥታ መጮህ አማራት፤ ብትጮህም አይፈረድባትም። «እርስዎ ይንገሯቸው» አለች በመጨረሻ። «እኔ ብናገር ሰበብ ፈለገች ነው የሚሉት።»

ሹሙ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሰውን ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ጠርተው ተናገሩ። ምንም አልሸሸጉም፤ የአህዮቹን ቁጥር ጭምር አልተዉም። መሐንዲሱ ከሳቀ በኋላ የስልኩን የአየር ትንበያ አየ። «በረዶው ከዘገየ ከዛሬ ጀምሬ እንደገና ሰባት እቆጥራለሁ። ከቀደመን ግን እሄዳለሁ።» ከሰዓት በፊት ድርቆሹ ወደ ሹሙ ጣሪያ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሆነ። በአምስተኛው ቀን የፓልሞ ስክሪን ጣሪያው በሌሊቱ መሐል እንደተዘጋ ተናገረ፤ ያንግዶል ደግሞ ሐዲዱን ጠረጠረች። ፓልሞ ግን ከሥሩ የተጻፈውን አነበበች፦ ደመና መጣ፣ ዘጋሁ፤ ደመናው ሄደ፣ ከፈትኩ። አንድም ሰው ሳይነግረው። በሰባተኛው ጠዋት ሁሉም ፎቶዎች ነበሩ፤ መተላለፊያው ላይ ደግሞ የመጀመሪያው በረዶ መውረድ ጀምሮ ነበር። መሐንዲሱ ፈርሞ፣ መንገዱ ሳይዘጋበት ተጣድፎ ወጣ። ቴሌስኮፑ ቀረ።

ሹሙ ቤት ድግስ ሆነ። ያንግዶል የመጣችው ዘግይታ ነው፤ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ሥር ዞር ስትል ሜሜ ቶልዳን ካፖርታቸውን ተከናንበው እዚያው ተቀምጠዋል።

«ሜሜ፣ ቦታዬ ላይ ነዎት።»

«ተይዟል። ሌላ ፈልጊ።»

«ነፋሱ ይመታዎታል።»

«ይምታኝ። ወደ ላይ ሂጂ፤ እዚያ ክፍት ቦታ አለ።»

 «የባለ እጅ ሥራ ይኸው ነው» ያለው ሰውዬ ሻዩ ውስጥ አንድ ነገር የጠፋበት ይመስል አጎንብሶ ቀረ። ያንግዶል በረድፉ ፊት አልፋ ሄደች፤ ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ሰበሰቡላት። ላይኛው ቦታ ደርሳ ከምድጃው ጎን ተቀመጠች። ምድጃውን የሠራችው እሷ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እንዴት እንደሚሞቅ ያወቀችው ግን ያን ዕለት ነው።