የመቅዘፊያው ጫፍ

ልጄ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ፣ ጋምቤላ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። እሑድ እሑድ ላጫውታት ብዬ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ፊቷ እጨፍራለሁ፤ እሷ ታዛጋለች። እኔም እናደድና ጆሮዋ ሥር እጮኻለሁ። ባለቤቴ፣ "ልጅቷን ነው ወይስ ራስህን ነው የምታጫውተው?" ትለኛለች።

ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ቁስሉን ያከምኩለት አንድ አኙዋክ ዓሣ አጥማጅ ሦስታችንንም በታንኳው አሳፍሮ ባሮ ወንዝ መሐል ይዞን ገባ። እዚያ ሲደርስ መቅዘፊያውን ውኃው ውስጥ አቆመና እጀታውን አገጩ ላይ አስደገፈ። ባሮ ውስጥ የሚያጉረመርም ዓሣ አለ፤ የት እንዳለ የሚያዳምጠው እንዲህ ነው።

"ሐኪም፣ ጆሮ አይደለም፤ አጥንት ነው የሚሰማው" አለኝና እጀታውን ለልጄ ሰጣት።

በጥርሷ ነከሰችው። ፈዝዛ ቀረች። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠና በጣቷ ወደ ግራ ጠቆመች። ሰውየው መረቡን እዚያው ጣለ፤ ሲጎትተው የሚያጉረመርሙ ዓሦች ሞልተውበት ወጣ። እናቷ አማተበች።

ልጄ ግን ዓሦቹን ዞር ብላም አላየች። መቅዘፊያውን ከውኃው አወጣችና የሚንጠባጠበውን ጫፍ ደረቴ ላይ አሳረፈች። እጀታውን እንደገና ነክሳ፣ "በል ተናገር" በሚል ዓይን አየችኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ሥር ስጮህ የኖርኩ ሰውዬ፣ የምለው ጠፋኝ።